ሁለተኛው ፊልም የት ገባ? ስለ ስፔንና ፖርቱጋል ሴት ዳይሬክተሮች ለጠየቅሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ያላነበበ ሰው ግራ እንዳይገባው ባጭሩ ልድገመው። "መምህር፣ ፊልም እየተማርኩ ነው፣ ስለ ስፔን ሲነሳ ቡኙዌል፣ ሳውራ፣ አልሞዶቫር፣ ስለ ፖርቱጋል ሲነሳ ኦሊቬይራና ፔድሮ ኮስታ ነው የሚጠሩልን፣ አንድም የሴት ስም ሰምቼ አላውቅም፣ የሉም ወይስ አልነገሩንም? ፔፐር ልሰራበት ነው፣ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ማናት፣ ከየትስ ልጀምር?" ነው ያልሽው።

አሉ! ድምፅ አልባ ፊልም ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ አሉ። ግን "የመጀመሪያዋ ማናት" የሚለው ነገር ብዙ ተማሪ ሲያሳስት አይቻለሁ፣ አንድ ስም ያገኝና "ፈር ቀዳጅ" ብሎ አንድ ገፅ ፅፎ ያልፋል፣ ከሷ በኋላ ሰላሳ ዓመት ሙሉ ለምን ማንም እንዳልመጣ አይጠይቅም። እኔ እነዚህን ፊልሞች ስፈልግና ለተማሪ ሳሳይ የታዘብኩት አንድ ነገር አለ፣ ሴቶቹ የመጀመሪያውን ፊልም እንደምንም ብለው፣ ተበድረውም ለምነውም ሰርተውታል፣ ሁለተኛው ጋ ነው በሩ የሚዘጋው። ስለዚህ አንድ ስም ባገኘሽ ቁጥር "ቀጥሎስ ምን ሰራች? ስንት ዓመት ቆይታ?" በይ። የፔፐርሽ ጉዳይ እሱ ነው ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ ነው የምፅፈው፣ እንዳይቀላቀልብሽ።)

እሺ፣ ስሟን ግን ልንገርሽ። ሄሌና ኮርቴሲና የምትባል የቫሌንሲያ ዳንሰኛና ተዋናይ በ1921 አካባቢ ስለ አንድ የበሬ ተፋላሚ ፊልም ሰርታ በ1923 ለህዝብ ታየ፣ ፊልሙ ዛሬ የለም፣ ጠፍቷል። ከዛ ሮሳሪዮ ፒ አለች፣ የባርሴሎና ልጅ፣ ስታር ፊልም የሚባል የራሷ ፊልም አምራች የነበራት፣ በ1936 ኤል ጋቶ ሞንቴስን (የዱር ድመት እንደማለት ነው) ዳይሬክት አደረገች፣ ድምፅ ያለው ፊልም በመስራት የመጀመሪያዋ የስፔን ሴት እሷ ነች። በዛው ዓመት ሐምሌ ላይ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። በጦርነቱ መሃል፣ በ1937፣ ሁለተኛውን ሰራችና ወደ ጣሊያን ሄደች፣ ከዛ በኋላ ዳይሬክተር ሆና አልተመለሰችም። እሷ እንግዲህ ሁለተኛ አላት፣ ሶስተኛ ነው የሌላት።

ጦርነቱን ፍራንኮ አሸነፈ፣ ከ1939 እስከ 1975 ገዛ። ያንን ዘመን ለመረዳት አንድ ነገር ብቻ ያዢ፣ ያገባች ሴት ባሏ ካልፈቀደላት ስራ መቀጠርም የባንክ ሂሳብ መክፈትም የማትችልበት ህግ እስከ 1975 ድረስ ነበር። የባንክ ደብተር የሌላት ሴት ፊልም ፕሮዲውስ ታድርግ ሲባል አስቢው እስቲ። ቢሆንም አና ማሪስካል ሰራች። ይቺ ሴት ፍራንኮ ራሱ በብዕር ስም በፃፈው ታሪክ ላይ በተሰራው ራሳ በሚባል ፊልም (1942) ላይ የተወነች ኮከብ ነበረች፣ ማለትም ስርዓቱ የሚያውቃት፣ የሚወዳት ፊት ናት፣ ካሜራ ጀርባ ስትሄድ ግን ኮከብነቱ ብዙም አልጠቀማት። በ1963 የሚጌል ዴሊቤስን ልቦለድ ይዛ ኤል ካሚኖን (መንገዱ) ሰራች፣ ወደ ከተማ ለትምህርት ሊላክ ያለ የገጠር ልጅ ከመሄዱ በፊት መንደሩን የሚሰናበትበት ፊልም ነው፣ ሳቅ አለው፣ ሐሜት አለው፣ ሰው ፊት የሚፆሙ ጓዳ ገብተው የሚገድፉ ባልቴቶች አሉበት። ያኔ ሲኒማ ቤት በቅጡ እንኳን ሳይታይ ነው የቀረው። በ2021 ታድሶ ካን ፌስቲቫል ላይ ክላሲክ ፊልሞች በሚታዩበት ክፍል ሲቀርብ ሰዉ ሁሉ "ይሄ የት ነበር?" አለ። መደርደሪያ ላይ ነበር፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት።

ማርጋሪታ አሌክሳንድሬንም ስሟን ፃፊያት፣ በ1950ዎቹ ከአጋሯ ጋር ሶስት ፊልም ሰርታ ወደ ኩባ የሄደች ናት፣ እዚህ አልዘገይባትም።

የምር ነገሩ የሚጦፈው ማድሪድ ያለው የመንግስት የፊልም ትምህርት ቤት ሴቶችን በዳይሬክቲንግ ማስመረቅ ሲጀምር ነው። እዛ በዳይሬክቲንግ የተመረቀችው የመጀመሪያዋ ሴት ሆሴፊና ሞሊና ነች፣ የኮርዶባ ልጅ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ። ሴሲሊያ ባርቶሎሜም እዛው ተማረች። ሴሲሊያ ያደገችው ያኔ የስፔን ቅኝ በነበረችው በዛሬዋ ኢኳቶሪያል ጊኒ ነው፣ በኋላ በ1996 ስለዛ ልጅነቷ ፊልም ሰርታበታለች። በ1969 የመመረቂያ ፊልሟን ይዛ መጣች፣ ማርጋሪታና ተኩላው፣ ሙዚቃ ያለው፣ ትዳርን አፍንጫውን ይዞ የሚያሾፍበት፣ ደፋር። ሳንሱሩ አፈነው፣ እሷም ጥቁር መዝገብ ውስጥ ገባች። የመጀመሪያ ረጅም ፊልሟን እስክትሰራ ዘጠኝ ዓመት ፈጀባት፣ ቫሞኖስ ባርባራ ይባላል (እንሂድ ባርባራ)፣ 1978፣ ባሏን ጥላ ልጇን መኪና ውስጥ ጭና የምትሄድ ሴት ታሪክ ነው። ፍራንኮ ከሞተ ገና ሶስት ዓመቱ ነው፣ ስፔን ውስጥ ፍቺ ገና ህጋዊ አልሆነም፣ የሆነው በ1981 ነው! ዛሬ ስታዪው ቀላል የመንገድ ፊልም ሊመስልሽ ይችላል፣ ያኔ ግን ቦምብ ነበር።

ሞሊና ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም አንድ ፊልም ብቻ እይ ብባል የሷን ነው የምልሽ። ፉንሲዮን ዴ ኖቼ፣ የማታ ትርዒት፣ 1981። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሎላ ኤሬራ የምትባል ትልቅ የቲያትር ተዋናይት አለች፣ ያኔ በመድረክ የምትጫወተው ባሏ ሞቶ አስከሬኑ አጠገብ ተቀምጣ ሌሊቱን ሙሉ ብሶቷን የምትነግረውን ሚስት ነው። ቲያትሩ ከዴሊቤስ ልቦለድ የተወሰደ ነው፣ አዎ ያው የኤል ካሚኖ ደራሲ፣ ያዘጋጀችውም ራሷ ሞሊና ናት። ከዛ ሞሊና ምን አደረገች፣ ሎላን ከእውነተኛ የቀድሞ ባሏ፣ ከተዋናዩ ዳኒዬል ዲሴንታ ጋር መልበሻ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው፣ ካሜራዎቹን ከመስታወት ጀርባ ደበቀችና አውሩ አለቻቸው። ተጨዋወቱ። ስክሪፕት አልተሰጣቸውም፣ ስለ ሰርጋቸው፣ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ውሽምነቱ፣ እሷም በትዳር ዘመኗ አልጋ ላይ ደስታ የሚባለውን አንድ ቀን እንኳን አይታ እንደማታውቅ፣ ስታስመስል እንደኖረች ፊት ለፊቱ ነገረችው። በኛ አባባል "ሆድ ይፍጀው" ተብሎ የሚቀበረው ገመና ሁሉ ሲኒማ ቤት ስክሪን ላይ ወጣ። እሱ ደግሞ ክፉ ሰው አይደለም፣ ፊልሙን የሚያከብደውም እሱ ነው፣ እሱም ወንድ ልጅ እንዲህ ነው ተብሎ የተሰራ ሰው ነው፣ ሲጋራውን እያጨሰ ሲሰማት ፊቱን ብቻ እይ። ዶክመንተሪ ነው? ልቦለድ ነው? እስከዛሬ ይከራከሩበታል፣ እኔ ለክርክሩ ግድ የለኝም።

ሶስተኛዋ ከዛው ትምህርት ቤት የወጣች (እሷ ስክሪፕት ነው ያጠናችው) ፒላር ሚሮ ናት፣ ስለሷ ብቻ ፔፐር ይፃፋል። ታሪኩን ስሚኝማ። ኩዌንካ በሚባል ክፍለ ሀገር በ1910 አንድ እረኛ ይጠፋል፣ ሁለት ሰዎች ገድላችሁታል ተብለው ይያዛሉ፣ ጓርዲያ ሲቪል የሚባለው ፖሊስ ያሰቃያቸዋል፣ ከስቃዩ ብዛት "አዎ ገድለናል" ይላሉ፣ ተፈርዶባቸው እስር ቤት ይገባሉ። በ1926 "ሟቹ" ሌላ መንደር ተገኘ! ሊያገባ ፈልጎ የጥምቀት ወረቀት ላኩልኝ ብሎ በቄስ በኩል አፅፎ። ሚሮ ይሄን በ1979 ፊልም አደረገችው፣ ማሰቃየቱን ምንም ሳትሸፍን። ህገ መንግስት ከፀደቀ፣ ዲሞክራሲ መጣ ከተባለ ገና ዓመቱ ነው፣ ወታደሮቹ ፊልሙን ያዙት፣ እሷንም ጓርዲያ ሲቪልን ሰደብሽ ብለው በወታደራዊ ፍርድ ቤት ከሰሷት። አስቢው፣ ሲቪል ሴት፣ የፊልም ዳይሬክተር፣ የጦር ፍርድ ቤት! ህጉ ተለውጦ ክሱ እስኪነሳና ፊልሙ እስኪለቀቅ ነሐሴ 1981 ደረሰ፣ ሲለቀቅ ሰው ተሰልፎ አየው።

ሁለተኛውን፣ ሶስተኛውን ፊልም አገኘች ወይ? አገኘች፣ እንዲያውም ክሱ አንገቷ ላይ እያለ በ1980 ሌላ ሰራች፣ ጋሪ ኩፐር ሆይ በሰማያት የምትኖር የሚል ርዕስ ያለው፣ ቀዶ ጥገና ልትገባ ያለች የቴሌቪዥን ዳይሬክተር ህይወቷን የምትመዝንበት፣ ሚሮ ራሷ የልብ ቀዶ ጥገና ያደረገች ሴት ናት። ከዛ ሶሻሊስቶቹ በ1982 ሲያሸንፉ የሲኒማ ዋና ዳይሬክተር አድርገው ሾሟት፣ ትናንት ፊልሟ የታሰረባት ሴት ዛሬ የፊልም ገንዘብ የምትከፋፍል ሆነች። በታህሳስ 1983 የወጣው ደንብ እስከዛሬ "የሚሮ ህግ" ነው የሚባለው፣ መንግስት ፊልሙ ሳይቀረፅ በፊት ከባጀቱ እስከ ግማሽ ድረስ በቅድሚያ እንዲሰጥ ያደረገ ነው። ጥሩ ፊልሞች ወጡበት፣ የፊልም ቁጥር ግን ቀነሰ፣ ለወዳጅ ይሰጣል የሚል ሐሜትም አልቀረም። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፣ ደንቡ ስለ ሴት አንድ መስመር አልነበረውም፣ ወንበሩ ላይ ሴት ብትቀመጥም በ1980ዎቹ ፊልም የሰሩ የስፔን ሴቶችን በጣት ትቆጥሪያቸዋለሽ። ይሄን ፔፐርሽ ላይ ብታነሺው መምህርሽ ይከራከርሻል፣ ይከራከርሽ፣ ደስ የሚል ክርክር ነው። ሚሮ በኋላ የመንግስት ቴሌቪዥኑንም መርታለች፣ በ1997 ደግሞ ከጥንቱ የስፔን ባለቅኔ ከሎፔ ዴ ቬጋ ቲያትር በግጥም ንግግሩ እንዳለ በሰራችው ፊልም ጎያ ላይ (የስፔን ትልቁ የፊልም ሽልማት ነው) የምርጥ ዳይሬክተር ሽልማት ወሰደች፣ የመጀመሪያዋ ሴት። በዛው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተች።

አሁን ወደ ፖርቱጋል። እዛ አገር ነገሩ ይብሳል፣ አገሩ ትንሽ፣ ገንዘቡ ትንሽ፣ አምባገነንነቱ ደግሞ ረጅም፣ ከ1926 እስከ 1974፣ አርባ ስምንት ዓመት።

ባርባራ ቪርዢኒያ። ገና ሃያዎቹን ስትጀምር፣ በ1946፣ ሶስት ቀን ያለ እግዚአብሔር የሚል ረጅም ፊልም ዳይሬክት አደረገች፣ ራሷም ተወነችበት፣ ተራራ ላይ ያለች መንደር ስለደረሰች ወጣት አስተማሪ ነው፣ ቄሱና ሀኪሙ የሌሉባቸው ሶስት ቀኖች። ፊልሙ የመጀመሪያው የካን ፌስቲቫል ላይ ታየ። የመጀመሪያው ካን! ከዛስ? ሁለተኛ ረጅም ፊልም የለም። በ1950ዎቹ ወደ ብራዚል ሄደች፣ እዛው ኖራ በ2015 ሳኦ ፓውሎ ውስጥ አረፈች። ከፊልሙ ዛሬ የተረፈው ሃያ ስድስት ደቂቃ ገደማ ምስል ብቻ ነው፣ ድምፁ የለም። የሚንቀሳቀስ አፍ ታያለሽ፣ ምን እንደሚል አትሰሚም። እኔ መጀመሪያ ሳየው ኮምፒውተሬ የተበላሸ መስሎኝ ስፒከሩን ስነካካ ነበር። የፖርቱጋል ፊልም አካዳሚ አሁን በስሟ ሽልማት ይሰጣል።

ከሷ በኋላ ቀጣዩ ስም እስኪመጣ ሰላሳ ዓመት ነው። አብዮቱ፣ ወታደሮቹ ጠመንጃቸው አፈሙዝ ላይ አበባ የሰኩበት፣ በሚያዝያ 1974 መጣ፣ በ1976 ደግሞ ሁለት ሴቶች ወደ ሰሜን ምስራቅ ገጠር ይዘው የወረዱት ካሜራ ፍሬ አፈራ። አንዷ ኖኤሚያ ዴልጋዶ ናት፣ በክረምት ስለሚለበሱ የመንደር ጭምብሎች የሰራች። ሌላዋ ማርጋሪዳ ኮርዴይሮ፣ የአእምሮ ሀኪም! ሳይካትሪስት ማለቴ ነው። ከባሏ ከገጣሚው አንቶኒዮ ሬይስ ጋር ትራስ ኦስ ሞንቴስን (ከተራሮቹ ማዶ) ሰራች፣ ይሄ ክፍለ ሀገር የትውልድ አገሯ ነው። ብዙ ፅሁፍ ፊልሙን የሱ አድርጎ ይፅፈዋል፣ ተጠንቀቂ፣ በ1982 ቀጥለው የሰሩት አና ላይ ዋናዋ አሮጊት የማርጋሪዳ እናት ናት፣ የራሷ እናት። እሱ በ1991 ሲሞት እሷም ፊልም መስራት አቆመች። ለምን እንደሆነ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ግምት ይናገራል፣ እኔ ግን "የሱ" ሲባል የኖረ ስራ ላይ ብቻሽን ገንዘብ ጠይቂ ቢሉሽ ምን ያህል እንደሚከብድ አስባለሁ።

በጣም የምወዳትን አሁን ልንገርሽ፣ ማኑዌላ ሴራ። ሰሜን ውስጥ ሚንዮ በሚባል አካባቢ ላንዬሽ የምትባል መንደር አለች፣ እዛ ሄዳ የነገሮች እንቅስቃሴ የሚባል ፊልም ቀረፀች፣ በ1985 ተጠናቀቀ። ተራኪ የለም፣ "በዚህች መንደር ህዝቡ በግብርና ይተዳደራል" የሚል ድምፅ የለም፣ እንጀራቸውን ማለቴ ዳቧቸውን የሚያቦኩ እጆች፣ ጭጋግ፣ ወንዝ ዳር የሚያጥቡ ሴቶች፣ እህል፣ እሁድ ቤተክርስቲያን፣ ስደት የሄደ ወንድ የሌለበት ቤት። ጊዜው እንደ መንደር ጊዜ ነው የሚሄደው፣ መጀመሪያ ሃያ ደቂቃ "ታሪኩ የት አለ?" ትያለሽ ከዛ ዝም ትያለሽ። የውጭ ፌስቲቫሎች አሳዩት፣ አገሯ ውስጥ ግን ሲኒማ ቤት ለህዝብ የተከፈተው በ2021 ነው፣ ሲኒማቴካው (የአገሩ የፊልም ማህደር) ካደሰው በኋላ፣ ሰላሳ ስድስት ዓመት ቆይቶ! ሁለተኛ ፊልም የላትም። አንድ ብቻ። እኔ ይሄን ለተማሪ ሳሳይ ሁሌ ከኋላ ወንበር አንዱ "ይቺ ሴት ሌላ ምን ሰራች?" ይላል፣ መልሱን ስነግረው ክፍሉ ዝም ይላል።

ሪታ አዜቬዶ ጎሜስም የዚሁ ጎን ናት፣ የመጀመሪያዋ በ1990፣ ቀጣይ ረጅም ፊልሟ ከአስር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ግን አልለቀቀችም፣ ሲኒማቴካ ውስጥ እየሰራች ጠበቀች፣ ዛሬ በዓለም ፌስቲቫሎች የምትከበር ዳይሬክተር ናት። ቴሬሳ ቪላቬርድ ደግሞ የተሻለ ቀናት፣ በ1994 ሶስት እህትና ወንድማማቾች በሚለው ፊልሟ ላይ የተጫወተችው ማሪያ ዴ ሜዴይሮስ ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ የምርጥ ተዋናይት ሽልማት ወሰደች። ማሪያን ታውቂያታለሽ፣ ፐልፕ ፊክሽን ላይ የብሩስ ዊሊስ ፍቅረኛ የሆነችው ትንሿ ልጅ፣ ፓንኬክ የምትፈልገው! እሷ ራሷ በ2000 ስለ አብዮቱ ሌሊት የኤፕሪል ካፒቴኖችን ዳይሬክት አደረገች።

ሱዛና ደ ሶውዛ ዲያስ ግን ሌላ ዓለም ናት። አርባ ስምንት ፊልሟን (2009) ስታዪ ስክሪኑ ላይ ያለው ከሞላ ጎደል የሚስጥር ፖሊሱ እስረኞችን ያነሳቸው ፎቶዎች ብቻ ነው፣ ፊት፣ ጎን፣ ፊት፣ ጎን፣ ከጀርባ ደግሞ ዛሬ ያረጁት እስረኞች ድምፅ፣ ወንበር ሲንቋቋ፣ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ይሰማሻል። ሴትዮዋ "ይሄን ፎቶ ሲያነሱኝ ለስንት ቀን አላስተኙኝም ነበር" ብላ ስትነግርሽ ዓይኗ ስር ያለውን ጥላ መልሰሽ ታዪዋለሽ። ሌላ ብዙ ነገር የለም ፊልሙ ውስጥ። በቂ ነው።

ሌዎኖር ቴሌስን ደግሞ ለእረፍት እይ፣ አስራ አንድ ደቂቃ ነው፣ የእንቁራሪት ባላድ፣ 2016፣ በርሊን ፌስቲቫል ላይ ለአጭር ፊልም የሚሰጠውን ወርቅ ድብ ወሰደ፣ ልጅቷ ገና 23 ዓመቷ ነበር። ፖርቱጋል ውስጥ ባለሱቆች ሮማዎች (እነዛ ፈረንጅ ጂፕሲ የሚላቸው) እንቁራሪት ይፈራሉ ብለው እንዳይገቡባቸው የሸክላ እንቁራሪት በር ላይ ያስቀምጣሉ፣ አባቷ ሮማ ነው፣ ገብታ ታነሳና ትከሰክሰዋለች። በቃ። ትዘላለች፣ ትሰብራለች፣ ትሮጣለች።

ወደ ስፔን ልመልስሽ፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ፊልም መምጣት የጀመረው እዛ ነው። ኢሲያር ቦያይን በአስራ አምስት ዓመቷ የዳይሬክተሩ የቪክቶር ኤሪሴ ፊልም ኤል ሱር ላይ ተዋናይ ነበረች፣ ከዛ ራሷ መስራት ጀመረች፣ የመጀመሪያዋ በ1995፣ ሁለተኛዋ በ1999፣ ሶስተኛዋ በ2003፣ አየሽ በአራት በአራት ዓመት፣ ይሄ ለአንድ ሴት ዳይሬክተር በዛ አገር ብዙም ያልተለመደ ነገር ነበር። ሶስተኛዋ ቴ ዶይ ሚስ ኦሆስ ናት፣ ዓይኖቼን ሰጥቼሃለሁ። ባሏ የሚመታት ሴት በሌሊት ልጇን ቀስቅሳ አውቶብስ ይዛ እህቷ ቤት ትደርሳለች፣ እዛ ስትደርስ ነው እግሯን የምታየው፣ በቤት ስሊፐር ነው የወጣችው። አንድ ዱላ ሳታሳይሽ ሁሉንም ነገረችሽ! ፊልሙ ውስጥ ዱላውን እንደጠበቅሽ ነው የምትቀመጪው፣ ከዱላው የሚብስ ነገር ግን ያመጣብሻል፣ ባልየው ህክምና ይሄዳል፣ መለወጥ የምር ይፈልጋል፣ ያፈቅራታል፣ አንቺም አብረሻት ተስፋ ታደርጊያለሽ። እናትየዋ ደግሞ "ሴት ልጅ ብቻዋን አትሆንም" የምትለው፣ ያቺን እናት እኛም ሰፈር ታውቂያታለሽ፣ ይሉኝታ የበላት። ሰባት ጎያ ወሰደ፣ ምርጥ ፊልምና ምርጥ ዳይሬክተር ጭምር፣ በ2004 ታህሳስ ላይ የስፔን ፓርላማ የሴቶች ጥቃት ህጉን አፀደቀ። ፊልሙ ህጉን አወጣው እያልኩ አይደለም፣ ሴት ማህበራት ለዓመታት የታገሉበት ነው፣ ግን አገሩ ሁሉ ስለ አንድ ነገር እያወራ ነበር።

ኢሳቤል ኮይሼትን ሁሉም ያውቃታል፣ ብዙ ፊልሞቿ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ በ2006 እና በ2018 የዳይሬክተር ጎያ ወስዳለች፣ አንዳንዱ ስራዋ ለኔ ትንሽ ይጣፍጥብኛል፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ግን ይሄ የኔ ምላስ ነው።

ካርላ ሲሞን! ወላጆቿ ሁለቱም በኤድስ ሞተዋል፣ ስድስት ዓመቷ ላይ አጎቷ ቤት ገጠር ነው የሄደችው፣ የ1993 በጋ (2017) እሱ ነው። ልጅቷ ስታለቅስ እስክታይ ድረስ ፊልሙን ሙሉ ትጠብቂያለሽ፣ ስትመጣ ምክንያቱ ምንም ነው፣ አልጋ ላይ እየተጫወቱ። እኛ አገር ወላጆቹን በዛ በሽታ ያጣና ዘመድ ቤት ያደገ ልጅ ስንት ነው፣ ይሄን ፊልም ከኛ ሰው ጋር ሳየው ክፍሉ ውስጥ የሆነ ዝምታ አለ፣ ሌላ አገር የሌለ። ሁለተኛ ፊልሟ አልካራስ በ2022 በርሊን ላይ ወርቅ ድቡን ወሰደ፣ በካታላንኛ የተሰራ ፊልም ሲያገኘው የመጀመሪያው ነው። ፒች የሚያመርት ቤተሰብ ነው፣ መሬቱ የአያትየው ቤተሰብ በጦርነቱ ጊዜ ባለርስቶቹን ስለደበቀ በቃል የተሰጣቸው ነው፣ ወረቀት የለም፣ የባለርስቶቹ ወራሽ ደግሞ ዛፉን ነቅሎ ሶላር ፓኔል ሊተክል ነው። ተዋናዮቹ በአብዛኛው የዛው አካባቢ ሰዎች ናቸው፣ ሙያተኛ አይደሉም። ጎያ ላይ ለአስራ አንድ ሽልማት ታጭቶ አንድም አልሰጡትም፣ አስራ አንድ! በርሊን ወርቅ የሰጠውን። እንግዲህ አንቺው ፍረጂ። ሶስተኛዋ ሮሜሪያ በ2025 ካን ውድድር ውስጥ ገባ።

ከሷ ጋር አንድ ትውልድ መጣ፣ ፒላር ፓሎሜሮ በላስ ኒንያስ የ2021 ምርጥ ፊልም ጎያ፣ ኤስቲባሊዝ ኡሬሶላ በሃያ ሺህ የንብ ዝርያዎች (በርሊን ላይ ትንሿ ሶፊያ ኦቴሮ የተዋናይ ሽልማት የወሰደችበት)፣ አላውዳ ሩይስ ዴ አሱዋ። ይሄ ትውልድ ከሰማይ አልወረደም። በ2006 ሴት ፊልም ሰሪዎቹ ሲማ የሚባል ማህበር አቋቁመው ቁጥር እየቆጠሩ፣ በየስብሰባው እየተጨቃጨቁ፣ የመንግስት ገንዘብ ሲከፋፈል በሴት ለተፃፈና ለተመራ ፊልም ነጥብ እንዲጨመር አስደረጉ፣ ባርሴሎና ያሉት የፊልም ትምህርት ቤቶችም ብዙዎቹን አፍርተዋል። ፖርቱጋል ውስጥ ይሄ ሁሉ ስስ ነው፣ በ2012 በኢኮኖሚ ቀውሱ ጊዜ መንግስት ለአዲስ ፊልም ምንም ድጋፍ ያላወጣበት ዓመት ሁሉ ነበር፣ ዜሮ ዓመት ነው የሚሉት። እንደዛ ሲሆን መጀመሪያ የሚወድቀው ማን እንደሆነ አልነግርሽም።

ሁለቱን አገር በአንድ ፊልም ማየት ከፈለግሽ ኦ ኮርኖ አለልሽ፣ 2023፣ ሃዮኔ ካምቦርዳ፣ ሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫል ላይ ወርቅ ዛጎሉን (ትልቁን ሽልማት) ያገኘች የመጀመሪያዋ የስፔን ሴት ናት፣ ፊልሙም ሁለተኛ ረጅም ፊልሟ ነው፣ ልብ በይ! በ1971 ጋሊሲያ ውስጥ ደሴት ላይ ያለች፣ ሴቶችን የምታዋልድ ሴት፣ አንዲት ልጅ እርግዝና እንድታቋርጥ ትረዳና ነገሩ ይበላሻል፣ ኮንትሮባንዲስቶች በሚሄዱበት መንገድ ወደ ፖርቱጋል ትሸሻለች። መጀመሪያው ላይ ያለው የምጥ ትዕይንት ረጅም ነው፣ ሙዚቃ የለም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። ጋሊሲያና ሚንዮ በመሃላቸው አንድ ወንዝ ነው ያለው፣ ቋንቋቸውም እህትማማች ነው፣ ከኦ ኮርኖ በኋላ የማኑዌላ ሴራን ፊልም ብታዪ ሴትየዋ ወንዙን ተሻግራ የደረሰችበት መንደር ይመስልሻል።

ስለዚህ "ከየት ልጀምር" ላልሽው፣ በዓመት ቅደም ተከተል አትሂጂ፣ ትሰለቺያለሽ። የ1993 በጋን መጀመሪያ እይ፣ ከዛ ቴ ዶይ ሚስ ኦሆስ፣ ከዛ ፉንሲዮን ዴ ኖቼ ቀን ላይ ብቻሽን፣ ከዛ የኩዌንካው። ወደ ፖርቱጋል ስትሻገሪ በእንቁራሪቷ ጀምረሽ የነገሮች እንቅስቃሴ ላይ ጨርሺ። አንዳንዶቹ ሙቢ የሚባለው የኢንተርኔት ፊልም ማሳያ ላይ ይመጣሉ ይሄዳሉ፣ የቆዩት ግን ፍለጋ ይጠይቃሉ፣ የትምህርት ቤታችሁን ላይብረሪ በደብዳቤ እንዲጠይቅልሽ አድርጊ፣ ሲኒማቴካዎች ለተማሪ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ ይመልሳሉ። ሰብታይትል እንግሊዝኛ ነው የምታገኚው፣ ካታላንኛው፣ ጋሊሲያንኛው፣ ስፓኒሹ ጆሮሽ ላይ እስኪለያይ ግን ትንሽ ጊዜ ስጪው፣ አልካራስን "የስፓኒሽ ፊልም" ብለሽ ፔፐር ላይ እንዳትፅፊ፣ ያገሩ ሰው ካነበበው ይቀየምሻል።

የባርባራ ቪርዢኒያን ሃያ ስድስት ደቂቃ ካገኘሽ ደግሞ ስፒከርሽን አትንኪ፣ ደህና ነው።